የዝውውር ዋጋ ስንት ቁጥር አለው? ከሐዋሳ ሆኖ የእንግሊዝን ገበያ ማንበብ

የውድድር ዘመኑ አልቆ ቴሌቪዥኑ ጸጥ በሚልባቸው የክረምት ሳምንታት እንኳን በሐዋሳ የእግር ኳስ ክርክር አይቋረጥም። ጨዋታ በሌለበት ጊዜ የሚቀረው የዝውውር ወሬ ነውና፣ ከፒያሳ ቡና ቤቶች አንሥቶ ዓሣ እስከሚበላበት አሞራ ገደል ድረስ ተጫዋቾች በቃል ይሸጣሉ፣ በቃል ይገዛሉ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ደጋግመው ከተነሡት ስሞች አንዱ የአሌክሳንደር ኢሳክ ነበር። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን ውስጥ የተወለደው ይህ አጥቂ ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል ይሄዳል ወይስ አይሄድም በሚለው ክርክር ውስጥ አንዱ 110 ሚሊዮን ፓውንድ ይላል፣ ሌላው 150 ይላል፣ ሦስተኛው 125 ይላል፤ ሁሉም ምንጭ ይጠቅሳሉ። ከሦስቱም ውስጥ ፈጽሞ የተሳሳተ ሰው አልነበረም። 110 ሚሊዮኑ ሊቨርፑል በመጀመሪያ አቅርቦ ኒውካስል ያልተቀበለው ገንዘብ ነው። 150 ሚሊዮኑ ኒውካስል ይፈልገዋል ተብሎ የተዘገበው ነው። 125 ሚሊዮኑ ደግሞ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዝውውር መስኮቱ (ክለቦች ተጫዋች እንዲያስመዘግቡ የተፈቀደው ጊዜ) በተዘጋበት ዕለት፣ ሁለቱ ክለቦች የተስማሙበት ሲሆን በብሪታንያ ክለቦች ታሪክ ከፍተኛው የዝውውር ሒሳብ ሆኖ ተመዝግቧል።

ስለዚህ የዝውውር ወሬን የሚያነብ ደጋፊ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይበጀዋል። የተነገረው ቁጥር በስምምነቱ ውስጥ ካሉት ብዙ ቁጥሮች የትኛው ነው? ያ ቁጥር እንዲሰማ የፈለገውስ ማን ነው? በዚህ ማብራሪያ የኢሳክን ዝውውር እንደ ዋና ምሳሌ በመያዝ ሁለቱን ጥያቄዎች እንከተላለን። (የአውሮፓን ጉዳዮች የሚመለከቱ ዓመታትና ወራት ከዚህ በኋላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀርበዋል።)

የሚከፈልበት ነገር ውሉ ነው

በዝውውር የሚከፈለው ገንዘብ በመሠረቱ ገና ያላለቀ የሥራ ውል እንዲቋረጥ የሚሰጥ ካሳ ነው። ተጫዋቹ ከክለቡ ጋር ሦስት ዓመት የቀረው ውል ካለው፣ ክለቡ በእነዚያ ሦስት ዓመታት አገልግሎቱን የማግኘት መብት አለው፤ ሌላ ክለብ ሲፈልገው ደግሞ ያ መብት እንዲለቀቅለት ይከፍላል። ኢሳክ በ2022 ከሪያል ሶሲዬዳድ ወደ ኒውካስል ሲመጣ የፈረመው የስድስት ዓመት ውል ስለነበር በ2025 ገና ግማሹ ይቀረው ነበር፤ ኒውካስል ለሳምንታት «አንሸጥም» ለማለት አቅም ያገኘውም ከዚህ ነው። ያው ተጫዋች አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ቢሆን ኖሮ፣ ግብ የማስቆጠር ችሎታው ምንም ሳይቀንስ ዋጋው በብዙ ይወርድ ነበር።

ውሉ ካለቀ ደግሞ የሚሸጥ ነገር አይኖርም። ይህ ሁልጊዜ የነበረ ሕግ አልነበረም። ዣን-ማርክ ቦስማን የተባለው የቤልጂየም ተጫዋች ውሉ አልቆ ከሊዬዥ ወደ ፈረንሳዩ ዳንከርክ ለመሄድ ሲፈልግ የቀድሞ ክለቡ በዝውውር ሒሳብ ምክንያት አግዶት ነበር። ጉዳዩን እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ያደረሰ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 1995 ውሉ የተጠናቀቀ የአውሮፓ ኅብረት አገር ተጫዋች ያለ ክፍያ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ክለብ መዛወር እንደሚችል ወሰነ። ኪሊያን ምባፔ በ2024 ከፓሪ ሳን ዠርማ ወደ ሪያል ማድሪድ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ፓሪ ከሞናኮ ሲወስደው 180 ሚሊዮን ዩሮ የተነገረለትን ተጫዋች ያለ አንድ ሳንቲም የዝውውር ሒሳብ ለቀቀ። «በነጻ ሄደ» ሲባል ግን ገንዘብ አልተንቀሳቀሰም ማለት አይደለም፤ አዲሱ ክለብ ለሻጭ ያልከፈለውን ብዙውን ጊዜ በፊርማ ጉርሻና በደሞዝ መልክ ለተጫዋቹና ለወኪሉ ያካፍላል።

በእኛ አገር ደጋፊ ዘንድ አንድ የተለመደ መደናገር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሥሩ ከሊጋችን አሠራር ይመዘዛል። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ ስለሚሄድ ክለብ ለክለብ የሚከፍለው ገንዘብ እምብዛም አይሰማም፤ የሚሰማው ተጫዋቹ ራሱ የሚያገኘው የፊርማ ገንዘብና የወር ደሞዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የወር ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን የተነሣው ክርክር ሁሉ ስለ ተጫዋቹ ኪስ ነበር፤ ከጣሪያው በላይ በጎን ይከፈላል የሚለው ቅሬታም እንዲሁ። በዚህ የለመደ ጆሮ ስለ ኢሳክ 125 ሚሊዮን ሲሰማ «ይሄ ልጅ ይህን ሁሉ ምን ያደርግበታል?» ብሎ መጠየቁ አያስገርምም። 125 ሚሊዮኑ ግን ለኒውካስል የሚገባ ነው። ኢሳክ የሚያገኘው ከሊቨርፑል ጋር በተዋዋለው መሠረት በየሳምንቱ የሚሰላ ደሞዝና ከዚያ ጋር የተያያዙ ጥቅሞች ሲሆን፣ ያ ሒሳብ ራሱን የቻለ ሌላ ድርድር ነው። አንዳንድ ጊዜ ክለቦቹ በዋጋው ከተስማሙ በኋላ ዝውውሩ የሚፈርሰውም ይህ ሁለተኛው ድርድር ባለመሳካቱ ነው።

አንድ ስምምነት፣ ብዙ ሒሳብ

ክለቦቹ የተስማሙበት ዋጋ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። መሠረታዊው ክፍያ አለ፤ ከዚያ በላይ ተጫዋቹ ይህን ያህል ጨዋታ ከተሰለፈ፣ ክለቡ ዋንጫ ካነሣ፣ ለቻምፒየንስ ሊግ ካለፈ የሚጨመር ክፍያ አለ። ዴክላን ራይስ በ2023 ከዌስትሃም ወደ አርሴናል ሲሄድ የተነገረው መሠረታዊ ሒሳብ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን 5 ሚሊዮኑ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚያ ወቅት አንዱ ደጋፊ 100 ሌላው 105 እያሉ የተከራከሩት ሁለቱም የያዙት ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ነው። በዚህ ላይ የገንዘቡ ዓይነት ይጨመርበታል። የኔይማር ዝውውር በ2017 ያስወጣው 222 ሚሊዮን ዩሮ እንጂ ፓውንድ አይደለም፤ ሁለቱን እያምታቱ የሚያስተላልፉ ገጾች ግን ጥቂት አይደሉም።

ሻጩ ክለብ ወደፊት ተጫዋቹ እንደገና ሲሸጥ ከትርፉ ወይም ከጠቅላላው ዋጋ ይህን ያህል በመቶ እንዲደርሰው ሊዋዋል ይችላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለበት ዝውውር በመጀመሪያው ቀን ርካሽ ይመስላል። ወጣት ተጫዋች የሚሸጡ መካከለኛ ክለቦች አሁን ያለውን ዋጋ ዝቅ አድርገው የወደፊቱን ድርሻ ከፍ የሚያደርጉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዝውውር «በነጻ ሰጡት» ብሎ መፍረድ የችኮላ ፍርድ ይሆናል።

ገንዘቡ የሚከፈልበት ጊዜም ከቁጥሩ ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። ትልልቅ ዝውውሮች በአብዛኛው በየዓመቱ በሚከፈል ክፍልፋይ ይፈጸማሉ። 60 ሚሊዮን ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚከፍልና 65 ሚሊዮን በአራት ዓመት ከፋፍሎ የሚከፍል ክለብ ቢቀርቡ፣ ሻጩ የሚመርጠው እንደ ገንዘብ ችግሩ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ክለብ ወደፊት የሚመጣለትን ክፍያ ለባንክ አሳልፎ በመስጠት፣ ወለዱ ተቀንሶለት ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስድበት አሠራርም አለ። በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ያለቀ ታላቅ ዝውውር ከተባለ የሚጠቀሰው የኔይማር ነው፤ ምክንያቱም ያ ድርድር ሳይሆን የውል ማፍረሻ ነበር። በስፔን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የስፖርተኞች የሥራ ውል ድንጋጌ ተጫዋቹ ካሳ ከፍሎ ውሉን እንዲያቋርጥ ስለሚፈቅድ፣ ውል ሲፈረም የማፍረሻው መጠን አብሮ ይጻፋል። ባርሴሎና 222 ሚሊዮን ዩሮ ሲጽፍ ማንም እንደማይከፍለው አስቦ ነበር፤ ሲከፈለው ግን እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ አንቀጽ በስምምነት የሚገባ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ «የማፍረሻ ዋጋው ይህ ነው» የሚል ወሬ ስለ እንግሊዝ ክለብ ተጫዋች ሲመጣ አንቀጹ ስለ መኖሩ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የወኪሎች ድርሻ አለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ መሠረት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከየካቲት 2023 እስከ የካቲት 2024 ባለው አንድ ዓመት ብቻ ለወኪሎች ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍለዋል። ፊፋ በ2023 የወኪሎችን ክፍያ የሚገድብ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ወኪሎች በተለያዩ አገሮች ፍርድ ቤት ሄደው ስላሳገዱት ያው ዓመት ሳያልቅ ዋና ዋና አንቀጾቹን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለጊዜው አንሥቷል።

በወረቀት ላይ ያለው ገንዘብ

ብዙ ደጋፊ «ክለባችን ባለቤቱ ሀብታም ሆኖ ለምን አይገዛም?» ሲል የሚጠይቀው ጥያቄ ያለ ሒሳብ አያያዝ መልስ አያገኝም። በሐዋሳ ጎዳና የሚሠራ ባጃጅ የገዛ ሰው ዋጋውን በሙሉ በገዛበት ቀን እንደ ኪሳራ አይቆጥረውም፤ ባጃጁ አምስት ዓመት ይሠራልኛል ብሎ ከገመተ የዋጋውን አንድ አምስተኛ በየዓመቱ ከገቢው ላይ ያነሣል። የክለብ ሒሳብ ሠራተኛም በተጫዋች ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የዝውውር ሒሳቡን ለውሉ ዓመታት ያካፍላል። ጥሬ ገንዘቡ መቼ እንደተከፈለ ለዚህ ሒሳብ ለውጥ አያመጣም።

ቼልሲ በ2023 ጥር ኤንዞ ፈርናንዴዝን ከ106 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ሲገዛ የስምንት ዓመት ተኩል ውል ያስፈረመው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ዘመኑ በረዘመ ቁጥር በየዓመቱ የሚመዘገበው ወጪ ያንሳል። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ በዚያው ዓመት ክረምት ውሉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሒሳቡ ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይከፋፈል ወሰነ፤ ፕሪሚየር ሊጉም ዓመቱ ሳያልቅ ያንኑ ተከተለ። የኢሳክ አዲስ ውል የስድስት ዓመት ሆኖ ሳለ 125 ሚሊዮኑ ለአምስት ተከፍሎ በሊቨርፑል መዝገብ ላይ በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህ ደሞዙን አይጨምርም።

ሽያጭ ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ግዢ በዓመታት ሲከፋፈል ሽያጭ ግን በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። ኒውካስል ኢሳክን የገዛው በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በስድስት ዓመት ውል ነበርና፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ የቀረው ዋጋ 30 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ125 ሚሊዮን ሲሸጠው ወደ 95 ሚሊዮን የሚጠጋው ልዩነት፣ የሚቀነሱት ድርሻዎች ሳይታሰቡ፣ በዚያው ዓመት እንደ ትርፍ ይገባለታል። በክለቡ አካዳሚ ያደገ ተጫዋች ሲሸጥ ደግሞ በመዝገብ ላይ የተገዛበት ዋጋ ስለሌለ ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ነው። ደጋፊን የሚያበሳጨው ነገር ምንጩ ይኸው ነው፤ ቀጥሎ የምናየው የኪሳራ ገደብ ደንብ ክለቡን የሚገፋፋው ከሩቅ የመጣውን ሳይሆን እዚያው ተወልዶ ያደገውን ልጅ እንዲሸጥ ነው። ኒውካስል ራሱ በ2024 ሰኔ መጨረሻ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ኤልዮት አንደርሰንን ለኖቲንግሃም ፎረስት በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሸጠው በዚህ ጫና ነበር። ሜሰን ማውንት በ2023 ከቼልሲ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሲሄድም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነበር።

ጫናው የሚመጣው ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስሩ ካስቀመጠው ገደብ ነው። የኒውካስል ዋና ባለቤት ከ2021 ጀምሮ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ ከዓለም ሀብታሞች አንዱ ማለት ነው፤ ነገር ግን የባለቤቱ ሀብት የክለቡ ገቢ ተብሎ አይቆጠርም። ገደቡን ያለፉት ተቀጥተዋል። ኤቨርተን በ2023 ኅዳር 10 ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ ሲልለት፣ በዚያው የውድድር ዘመን በሌላ ክስ 2 ነጥብ ተጨምሮበታል። ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ ያጣበት ታሪክ ለወሬ አንባቢ የበለጠ ያስተምራል። የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን ፎረስት ብሬናን ጆንሰንን የሸጠው በመስኮቱ መዝጊያ ቀን፣ በመስከረም መጀመሪያ ነበር። ክለቡ ታግሦ በመሸጡ የተሻለ ዋጋ እንዳገኘ ተከራከረ፤ ትርፉ ግን የገባው በቀጣዩ ዓመት መዝገብ ላይ ስለነበር መከራከሪያው ከቅጣት አላዳነውም። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ማንም ያልጠበቃቸው ሽያጮች በድንገት ሲበዙ ምክንያቱ ከሜዳ ሳይሆን ከመዝገብ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ደንቡ ራሱ እየተቀየረ ነው። ዩኤፋ በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለደሞዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚያወጡት ከገቢያቸው 70 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ከ2026/27 ጀምሮ ወደ ተመሳሳይ ስሌት፣ በ85 በመቶ ጣሪያ፣ ለመሻገር ድምፅ ሰጥተዋል።

ወሬው ከማን ይወጣል?

በድርድር ላይ ያለ ቁጥር በራሱ ከቢሮ አምልጦ አይወጣም። ሻጩ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲሰማ ይፈልጋል፤ ሌላ ገዢ እንዲነቃና የራሱ ደጋፊ «በርካሽ ሸጡት» እንዳይል። ገዢው ዝቅ ያለውን ያሰማል፣ ወይም «ትተነዋል» ብሎ ያስወራል። ወኪሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ክለብ መፈለጋቸው እንዲነገር ይሻል፤ ምንም ዝውውር ባይኖር እንኳን አሁን ባለበት ክለብ የተሻለ ውል ለማግኘት ይጠቅመዋልና። በኢሳክ ጉዳይ ይህ ሁሉ በአደባባይ ታይቷል። የ150 ሚሊዮኑ ወሬ ለኒውካስል የሚመች ነበር። 110 ሚሊዮኑ ውድቅ ከተደረገ በኋላ ሊቨርፑል እንደገና ላይመለስ ይችላል የሚለው ዘገባ ደግሞ ለሊቨርፑል የሚመች ነበር። ተጫዋቹ ከቡድኑ ተለይቶ ከቆየ በኋላ በነሐሴ አጋማሽ ላይ የተገባለት ቃል እንደተጣሰና መተማመን እንደጠፋ በማኅበራዊ ገጹ ጻፈ፤ ክለቡ በበኩሉ እንዲህ ያለ ቃል ማንም ኃላፊ አልገባም ብሎ መለሰ። ውል ሦስት ዓመት የቀረው ተጫዋች ያለው መሣሪያ ይህን ያህል ነው፤ በሕግ መውጣት ስለማይችል መቆየቱን ለክለቡ አስቸጋሪ ያደርገዋል። ያንን መደገፍ ወይም መንቀፍ የየሰው ፍርድ ነው። እኔ በበኩሌ ክለብ ተጫዋቹን ሳያማክር በሚሸጥበት ገበያ ተጫዋቹን ብቻ ከሐዲ ማለት ሚዛን የጎደለው ሆኖ ይታየኛል።

ዝውውር ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሥራ በመሆኑ፣ ወሬው ስለ የትኛው ደረጃ እንደሚናገር መለየት ግማሹን ግርግር ያቀላል። አንድ ክለብ በዓመት በርካታ ተጫዋቾችን ይከታተላል፤ ከእነዚህ መካከል ስለ ዋጋ የሚጠይቀው ስለ ጥቂቶቹ ነው፤ በጽሑፍ ዋጋ የሚያቀርበው ከዚያም ላነሱት ነው። ከዋጋ ስምምነት በኋላ የተጫዋቹ የግል ውል፣ የሕክምና ምርመራና በመጨረሻም ምዝገባ ይቀራሉ። ጣሊያናዊው ጋዜጠኛ ፋብሪዚዮ ሮማኖ «ሂር ዊ ጎ» የምትለዋን ሐረጉን የሚጠቀምባት ስምምነቱ ተጠናቋል ብሎ ሲያምን ነው። እኛ አገር ስትደርስ ግን ክትትል ላይ ላለ ተጫዋችም እየተለጠፈች ትርጉም አልባ ሆናለች።

የመጨረሻው ደረጃም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2015 ነሐሴ መጨረሻ ዳቪድ ደ ኸያ ከማንችስተር ዩናይትድ ወደ ሪያል ማድሪድ የሚሄድበት ስምምነት ተጠናቆ ሳለ ሰነዶቹ ከስፔን መስኮት መዝጊያ ሰዓት በኋላ ስለደረሱ ዝውውሩ ቀረ፤ በረኛውም እስከ 2023 ድረስ በማንችስተር ቆየ። ከ2010 ጀምሮ በአገሮች መካከል የሚደረግ የወንዶች ባለሙያ ተጫዋች ዝውውር ሁሉ በፊፋ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ሁለቱም ክለቦች የሚያስገቡት መረጃ መገጣጠም ይኖርበታል። በእንግሊዝ በ2025 የመዝጊያው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፤ ከዚያ አስቀድመው የስምምነት ቅጽ ያስገቡ ክለቦች ግን ቀሪውን ሰነድ ለማጠናቀቅ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ያገኛሉ። ስለሆነም «መስኮቱ ተዘግቷል፣ አበቃ» ብሎ ከዲኤስቲቪ ቤት ወጥቶ የሄደ ሰው በማግስቱ አዲስ ተጫዋች ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም።

ከሐዋሳ የሚሄደውና ወደ ሐዋሳ ሊመጣ የሚችለው

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለው ትልቁ መልስ የቴሌቪዥን መብት ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ የሚወርድ ክለብ እንኳን ከሊጉ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይደርሰዋል። ሊጉ ከ2022 እስከ 2025 በነበረው ዘመን ከውጭ አገር የሸጠው የማስተላለፍ መብት ከአገር ውስጡ በልጧል። በዚህ ውስጥ በሐዋሳ ለቤቱ ዲኤስቲቪ የሚከፍለው ሰውና ጨዋታ ለማየት መግቢያ ከፍሎ አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ወጣት ትንሽም ቢሆን ድርሻ አላቸው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በዚሁ ኩባንያ መተላለፍ ሲጀምር የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበር፤ ሆኖም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሣው ሐዋሳ ከተማ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች ዛሬም የሚተዳደረው በዋናነት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው።

ገንዘቡ ወደዚህ የሚመለስበት አንድ ሕጋዊ በር አለ፤ ከወሬው ሁሉ ይልቅ ለሐዋሳ ቅርብ የሆነው ጉዳይ ይህ ሆኖ ሳለ በክርክሩ ውስጥ ሲነሣ አይሰማም። በፊፋ ደንብ መሠረት ውል ያለው ባለሙያ ተጫዋች በክፍያ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ከዝውውር ሒሳቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። 12፣ 13፣ 14 እና 15 ዓመት ለሞላባቸው የውድድር ዘመኖች ለእያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 0.5 በመቶ ነው። ከ2020 ጀምሮ ዝውውሩ በአንድ አገር ክለቦች መካከል ቢሆንም አሠልጣኙ ክለብ በሌላ አገር ከሆነ ድርሻው አይቀርበትም። ኢሳክ በእንግሊዝ ውስጥ ከክለብ ወደ ክለብ ሲዛወር ከልጅነቱ እስከ 17 ዓመቱ ያሳደገው የስቶክሆልሙ ክለብ አይክ በደንቡ ስሌት 2 በመቶ ገደማ የሚያገኝበት ምክንያት ይህ ነው።

ሐዋሳ ተጫዋች አሳድጋ ወደ ውጭ ያልላከች ከተማ አይደለችም። ሽመልስ በቀለ በሐዋሳ ከተማ ተጫውቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በኋላም ወደ ግብፅ ሊግ ሄዶ ለዓመታት ተጫውቷል። ችግሩ ቀደም ሲል ከተነሣው የአጭር ውል ልማድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ ከሄደ የዝውውር ሒሳብ ስለማይኖር 5 በመቶው የሚወጣበት ነገር የለም። ያለ ዝውውር ሒሳብም ቢሆን ተጫዋቹ 23 ዓመት እስከሚሞላው ድረስ ሊጠየቅ የሚችል ሌላ የማሠልጠኛ ካሳ አለ፤ እርሱም የሚሰላው በአዲሱ ክለብ ደረጃ በመሆኑ ትልቅ ክለብ ሲሆን መጠኑ ያድጋል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ፊፋ ፓሪስ ላይ ባቋቋመው የክፍያ ማዕከል በኩል እነዚህ ድርሻዎች የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ ተከትለው እንዲከፈሉ እየተደረገ ነው።

የምዝገባ ታሪክ የሚባለው ተጫዋቹ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ የት እንደተመዘገበ ፌዴሬሽኑ የሚይዘው መዝገብ ነው። በሐዋሳ ሜዳዎች ላይ ልጆች የሚሠለጥኑባቸው አብዛኞቹ የታዳጊ ፕሮጀክቶች በአንድ አሠልጣኝ ጥረት የቆሙ ሲሆኑ፣ በፌዴሬሽኑ ሥር እንደ ክለብ ያልታቀፈ ፕሮጀክት ልጁን አራት ዓመት ቢያሠለጥነውም በመዝገቡ ላይ ስሙ አይገኝም። ደንቡ ቀድሞ ተመዝግቦ የነበረ ክለብ በኋላ ቢፈርስ እንኳን ድርሻው ማስረጃ ላቀረበ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ለታዳጊዎች ልማት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ጭራሽ ላልተመዘገበ ግን የሚለው ነገር የለም። በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ዝውውር ላይ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት የአራቱ ዘመኖች ድርሻ ብቻ ቢሰላ 1.25 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል፤ የሚከፈለውም በእነዚያ ዓመታት ልጁን በስሙ አስመዝግቦ ለያዘ ክለብ ነው።